ከአንድ ቤት ሰባት ኪሎ

ደጃፋችን ጠዋት ጠዋት ሳይመዝነን አይከፈትም። እግራችንን መርገጫው ላይ እናቆማለን፣ ቁጥሩ ግድግዳው ላይ ይወጣል፣ ዳኛው "እንደምን አደራችሁ" ይላል፣ ከዚያ በሩ ይለቀናል። የቸኮለም ያልቸኮለም እኩል ይቆማል። ይህን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት የልጄን ቁጥር ነው።

ልጄ ናርዶስ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ደብረ ብርሃን ከሚገኙት ብርድ ልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ሠላሳ ሁለት የሽመና ማሽኖች ትጠብቃለች። ማሽኖቹ ራሳቸውን ስለሚጠብቁ ሥራዋ ወንበር ላይ ተቀምጦ እነሱን ማየት ነው። በ2071 ዓ.ም. ጥቅምት አንድ ቀን ደጃፉ "መቶ ሠላሳ አንድ ኪሎ" አላት። ስኳሯ ከፍ ብሏል፣ ተኝታ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ሐኪሟ ዶክተር ኤልሻዳይም የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ብላ ጽፋለች። ወረቀቱን ስትሰጠን እኔን ለብቻ ጠርታ፣ "ኩላሊቷ ብዙ ጊዜ አይሰጠንም፤ በዚህ ዓመት ቢሆን ጥሩ ነው" አለችኝ። እኔም በዚህ ዓመት እንደማይሆን ወዲያው አወቅሁ። ጥሩ የተባለ ነገር በእኔ ቤት በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም።

ቀዶ ጥገናውን የሚያጸድቀው እድሩ ነው። ድሮ እድር የሚደርሰው ሰው ሲሞት ነበር ይላሉ፤ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ይቀብራል። አሁን የሚደርሰው ሰው እንዳይሞት ነው። የጤና መድኑ፣ ሐኪሙ፣ መድኃኒቱ ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ድንኳኑ ብቻ እንዳለ አለ፤ ለስብሰባ ይተከላል። የእድሩ ዳኛ ሰው መሆኑ ከቀረም ሃያ ዓመት አልፎታል። አሁን ድምፅ ነው። ደጃፉ ውስጥ፣ አሳንሰሩ ውስጥ፣ ቀኝ እጃችን ላይ ባለው አምባር ውስጥ አለ። ስም ያወጣለት የለም፤ ዳኛው እንለዋለን።

ዳኛው ማመልከቻችንን በአንድ ደቂቃ አንብቦ መልስ ሰጠ። በደንቡ መሠረት አመልካቿ በስድስት ወር ውስጥ ሰባት ኪሎ መቀነስ አለባት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሥርዓት መጠበቅ እንደምትችል የሚታወቀው በዚህ ነው። አምባሩ የሚጽፈው የአመጋገብ መዝገብም ከሚዛኑ ጋር መስማማት አለበት። ካልሆነ መዝገቡ ይዘጋል፤ እንደገና ማመልከት የሚቻለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ ዋና እስክትችዪ ውሃ አትግቢ እንደማለት ነው" አለች ናርዶስ እየሳቀች።

እኔ ካነበብኩት ሁሉ የታየኝ "ሁለት ዓመት" የሚለው ብቻ ነው።

በዚያው ቀን ሁለታችንም ለመዝገብ ተመዘንን፤ ደንቡ የቤቱን ሰው ሁሉ ያስመዝናል። የእኔ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ሆነ። ይህ እንግዲህ ከነቦርሳዬ ነው። ከቀሚሴ ሥር፣ ወገቤ ላይ የማስራት ቦርሳ አለችኝ። ግማሽ ኪሎ ቆሎ፣ ግማሽ ሊትር ጠበል፣ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ የሁለታችን ሰነዶች በላስቲክ ተጠቅልለው፣ ከስድስተኛ ፎቅ መሬት ባያደርስም አራተኛ ላይ የሚያደርስ ገመድ አለባት። እሳት ቢነሳ፣ መሬት ቢንቀጠቀጥ፣ አሳንሰሩ መካከል ላይ ቢቆም ብዬ ነው። ናርዶስ ከልጅነቷ ጀምሮ ትስቅባታለች። ገመዱ እንኳ አንድ ቀን አገልግሏል፤ ልብስ አስጥቼበታለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ኑሯችን እንዲህ ሆነ። አሳንሰሩ ናርዶስን አይጭናትም። ስትገባ በሩ ይከፈትና፣ "መልካም እርምጃ" ብሎ እንደተከፈተ ይቆማል፤ ሌላው ሰው ታግቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ስድስት ፎቅ በእግሯ ትወጣለች። የፋብሪካው አውቶቡስ ወንበሩን ያጥፍባታል፤ ቆማ ትሄዳለች። የታችኛው ሱቅ አምባሻ ስትጠይቅ፣ "ጎመን ገብቷል" ይላታል። አንድ ቀን ናርዶስ ተናዳ፣ "ለእናቴ ነው" አለችው። ሱቁም፣ "እናትሽ ራሳቸው ይምጡ" አላት። ቤት ገብታ ይህን ስትነግረኝ ከሳቋ የተነሳ ግድግዳ ይዛ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። አምባሻ የተከለከለ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚከለከል ነበር የማስበው።

በመጀመሪያው ወር አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ቀነሰች። ጎረቤታችን እትዬ ፌቨን ከመተላለፊያው ማዶ ሆና እልል አለች። ፌቨን ከእኔ በአሥር ዓመት ትበልጣለች፤ የሰው ቁጥር ከራሷ ቁጥር በላይ ያስደስታታል።

በሁለተኛው ወር የቀነሰችው ሦስት መቶ ግራም ነው። በሦስተኛው ስድስት መቶ ግራም ጨመረች።

አልገባንም። ናርዶስ የምትበላው ዳኛው የፈቀደላትን ብቻ ነበር፤ አንድ ጭልፋ ሽሮ፣ ግማሽ እንጀራ፣ ጎመን። እኔው ነኝ የማቀርበው፤ አንድ ማዕድ ላይ አብረን ነው የምንበላው። ስድስት ፎቅ ወጥታ ስትገባ ፊቷ አመድ ይመስላል። ድርሻዋን ትጨርስና እጇን ትሰበስባለች። ስኳሯ ወርዶ ደረጃው ላይ ብትወድቅስ? አሳንሰሩ እንደሆነ አይጭናት። እና ጠቅለል አድርጌ፣ "በሞቴ" እላታለሁ።

"እማዬ፣ ተይ።"

"አፈር ስሆን! አንዲት ናት።"

አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለት አደርገዋለሁ። ሁለት ደግሞ ጥቂት ስለሚመስለኝ ሦስት። ልጄ ስለሆነች አፏን ትከፍታለች። ከዚያ በላይ አስቤበት አላውቅም፤ ሰው ልጁን ሲያጎርስ የሚቆጥር አለ?

የካቲት ሁለት ቀን ጠዋት ደጃፉ ላይ ቆመን ሳለ ዳኛው "እንደምን አደራችሁ" ካለ በኋላ በሩን አልከፈተም።

"ናርዶስ፣ የአመጋገብ መዝገብዎ ከክብደትዎ ጋር አይስማማም። በመዝገቡ መሠረት እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ኪሎ መቀነስ ነበረብዎ። የቀነሱት አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ነው። አምባርዎን እያወለቁ ይበላሉ ተብለው ተጠርጥረዋል። የፊታችን እሑድ እድሩ ፊት ይቀርባሉ።"

እኔ ግድግዳውን ያዝኩ። ዳኛው አልጨረሰም።

"ወይዘሮ ረድኤት፣ እርስዎ በቀን የሁለት ሰው ምግብ ይበላሉ። ክብደትዎ ግን አልጨመረም። የኮሶ ትል ምርመራ ታዞልዎታል።"

ከዚያ ናርዶስ መርገጫው ላይ ቁጭ አለች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አለቀሰች ብዬ ደንግጬ ጎንበስ ስል፣ ለካ እየሳቀች ነው።

"ኮሶ! እማዬ፣ ኮሶ አለብሽ!"

በሩ ሲከፈት ፌቨን መተላለፊያው ላይ ነበረች፤ ሁሉንም ሰምታለች። "ኮሶ እኮ ድሮ ጥሬ ሥጋ የሚያማርጡ ባላባቶች በሽታ ነው አሉ" አለች። "አንቺ ከየት አመጣሽው ረድኤት? ምስር በልተሽ?"

እኔ ኮሶ ነው ብዬ አላመንኩም። ኮሶ ቢሆንማ በምን ዕድሌ! እየበላ የማይወፍር ሰው ምን ምን እንዳለበት አውቃለሁ። እስከ ምርመራው ድረስ ባለው ሁለት ቀን የቤቱን ሰነድ የት እንዳስቀመጥኩ ለናርዶስ ሦስት ጊዜ አሳየኋት። "ወገብሽ ላይ ነው እማዬ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወገብሽ ላይ ነው" አለችኝ።

ዶክተር ኤልሻዳይ ውጤቱን አይታ ግንባሯን ቋጠረች። ትል የለም። ሌላም ምንም የለም። "እንዲያውም እርስዎ ከሚገባዎ በታች ነዎት" አለችኝ። "ምንድን ነው የሚበሉት?"

"የተገኘውን።"

"ስንት ይበሉታል?"

ተጠይቄ የማውቀው ጥያቄ አይደለም።

የምሳ ሰዓት ስለነበር ናርዶስ ከፋብሪካ መጥታ እዚያው ክሊኒኩ ምግብ ቤት ገባን። ሽሮ ታዘዘ። ዶክተሯም ምሳዋን ይዛ አጠገባችን ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ናርዶስ ድርሻዋን ጨርሳ እጇን ስትሰበስብ እኔ እንደ ልማዴ ጠቀለልኩ።

"በሞቴ።"

ጎረሰች። አምባሩም ትር አለ።

ዶክተር ኤልሻዳይ ቀና አለች። "ይቅርታ፣ የማን ነው ትር ያለው?"

"የእኔ ነው" አልኳት። "ሁልጊዜ ይላል።"

"ይድገሙት እስቲ።"

ደገምኩት። ምግቡ የገባው ናርዶስ አፍ ውስጥ ነው። ትር ያለው የእኔ እጅ ነው። የናርዶስ አምባር ዝም ብሎ ተቀምጧል።

አምባሩ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው ለካ። እጅ ከሰሃን ምግብ አንስቶ ባዶውን ከተመለሰ፣ ባለ እጁ በላ ብሎ ይጽፋል። የሠሩት የእኛው ልጆች ናቸው ይባላል። ግን ከፋብሪካ የሚመጣ እሽግ ምግብ ለየብቻቸው እየበሉ ያደጉ ናቸው፤ አንዱ በሌላው እጅ ይበላል ብለው አላሰቡም። በእኛ ሕንፃም ቢሆን ሰው የሚጎራረሰው በሠርግና በዓመት በዓል ብቻ ነው። በየቀኑ የማጎርሰው እኔ ብቻ ሆኜ ቀርቻለሁ።

ናርዶስ የያዘችውን ሳትውጥ አየችኝ። እኔም እጄን አየሁት። አራት ወር ሙሉ ልጄን ከቀዶ ጥገናው የከለከላት ዳኛው ነው ብዬ ስረግመው ነበር። ይህ እጅ ነበር።

"እማዬ፣ እንዳታለቅሺ።"

"አላለቅስም።"

"እያለቀስሽ ነው እኮ።"

"ሽሮው በርበሬ በዝቶበት ነው" አልኩ። ዶክተሯ ሳቋን በጣቷ ሸፈነች።

እሑድ ድንኳኑ በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ተተከለ። አርባ የሚሆን ሰው መጣ። የዳኛው ድምፅ የሚወጣው ምሰሶው ላይ ከታሰረ ድምፅ ማጉያ ነው። ከምሰሶው ሥር ጋሼ ኪሩቤል ተቀምጠዋል፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ዳኛው ሰው በነበረ ጊዜ የእድሩ ጸሐፊ ነበሩ። የድሮውን መተዳደሪያ ደንብ በወረቀት ላይ እንደተጻፈ ዛሬም ይዘው ይዞራሉ፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

ተነስቼ ተናገርኩ። "ልጄ አላታለለችም። እኔ ነኝ ያጎረስኳት" አልኩ።

"ማጉረስ ምንድን ነው?" አለ ዳኛው።

ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። ፌቨን ተነስታ ወደ ድምፅ ማጉያው አንጋጠጠች። "አፍ የለህም እንጂ አሳይህ ነበር!" አለችው። "በገዛ እጅህ ምግብ ጠቅልለህ በሰው አፍ ውስጥ መጨመር ነው።"

"ለምን?"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። በመጨረሻ አንድ ሰው ከኋላ፣ "ደስ ስለሚል" አለ።

"ተመዝግቧል" አለ ዳኛው። "ሆኖም መዝገቡ የግለሰብ ነው። የአመልካቿ መዝገብ ከአመልካቿ ክብደት ጋር አይስማማም። ማመልከቻው ሊዘጋ ነው።"

ናርዶስ እጄን ያዘችኝ። እንዲህ እንደሚሆን ከጥቅምት ጀምሮ አውቄ ነበር። ማወቄ ግን ምንም አልጠቀመኝም።

ያኔ ጋሼ ኪሩቤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መነጽራቸውን ለማግኘት ጊዜ ወሰዱ። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ እንደሆነ ሦስት ሰው ነገራቸው።

"አንቀጽ አራት" አሉ። "'የእድሩ አባል ማለት ቤተሰብ ነው። በአንድ ማዕድ የሚቀርቡ ሁሉ እንደ አንድ አባል ይቆጠራሉ።' ይህ አንቀጽ ተሽሯል?"

ዳኛው መዝገቡን ፈተሸ። ለእሱ አራት ሰከንድ ረጅም ጊዜ ነው።

"አልተሻረም።"

"እንግዲያው የእናቲቱንና የልጂቱን ደምረው።"

ሌላ አራት ሰከንድ።

"ተደምሯል። የሁለቱ መዝገብ ከሁለቱ ክብደት ጋር ይስማማል። ልዩነቱ በቀን አንድ ማንኪያ ሽሮ ነው። ክሱ ተነስቷል።"

እልልታው ከሕንፃው ግድግዳ ጋር ተላትሞ ተመለሰ። ፌቨን ጋሼ ኪሩቤልን ግንባራቸውን ሳመቻቸው፤ መነጽሩ ወደቀ። እኔ ግን እልል አላልኩም። ዳኛው አንድ ነገር ሲሰጥ ሁለተኛው እጁ ምን እንደያዘ ማየት ጥሩ ነው።

"በአንቀጽ አራት መሠረት" ቀጠለ ዳኛው፣ "ክብደቱም የቤተሰብ ይሆናል። በጥቅምት የቤተሰቡ ክብደት መቶ ሰማንያ ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ነበር። እስከ መጋቢት ሠላሳ መቶ ሰባ ስድስት ኪሎ ከአራት መቶ መሆን አለበት።"

እልልታው ቆመ።

"ጋሼ ኪሩቤል" አለች ፌቨን፣ "ገጹን አለማገላበጥ ይሻል ነበር እኮ!"

"ምን ቸገረ?" አለች ናርዶስ። "እኔ ሰባት ከቀነስኩ ያው ሰባት ነው። እማዬ ባለችበት ትቁም ብቻ።"

ባለሁበት መቆም ቀላል መስሎን ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሃናችንን ለየን። እንደ እንግዳ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጠን በየሰሃናችን እንበላለን። ፌቨን በር ላይ ቆማ፣ "ተጣላችሁ እንዴ?" አለች። ቀኝ እጄ ለራሴ ካጎረሰ በኋላ በራሱ ጊዜ ወደ ናርዶስ ስለሚሄድ፣ በየመሃሉ ከጭኔ ሥር አደርገዋለሁ። መብላት ረስቼ እጄ ላይ ተቀምጬ የቀረሁበት ቀን ሁሉ አለ። ማጉረስ ሲያምረኝ ተነስቼ ከእሷ ጋር ደረጃ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ እሷ ቆማ ታርፋለች፣ እኔ ቆሜ እጸልያለሁ።

ቁጥሩ ወረደ። ሁዳዴ ሲገባ መቶ ሃያ ሰባት ሆነች። በመጋቢት አጋማሽ መቶ ሃያ አምስት። ስኳሯ ወረደ። አንድ ቀን ጠዋት የፋብሪካ ቀሚሷን ለብሳ፣ "እማዬ፣ ይሄ የማን ነው?" አለችኝ፤ ወገቧ ላይ በጡጫ የሚሞላ ክፍተት ነበረበት።

የእኔ ቁጥር ደግሞ ወጣ።

ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገንም። ከድርሻዬ ግማሹ ለካ የእኔ ሆኖ አያውቅም። ናርዶስ ጥርስ ካወጣች ጀምሮ ስጠቀልልላት ኖሬያለሁ። አሁን የሚሰጠው ሰው ሲጠፋ እጄ ምግቡን ወደ እኔ አመጣው። እየጣፈጠኝም መጣ። ጉንጬ ሞላ። ፌቨን፣ "ፍቅር ይዞሽ ነው?" ብላ መተላለፊያው ላይ አፈጠጠችብኝ። ዶክተር ኤልሻዳይ ደግሞ ደስ አላት። "እንዲያውም ይጨምሩ፤ እንዳይቀንሱ!" ብላ አስጠነቀቀችኝ። የልጄ ሐኪም እንድወፍር ታዝዘኛለች፣ የልጄ መድን እንዳልወፍር።

መጋቢት ሃያ ሦስት ቀን ስደምረው ሁለት ኪሎ ይጎድለናል። ለማንም አልተናገርኩም። ምሳ መብላት ተውኩ። በሁለተኛው ቀን ናርዶስ ከሥራ ገብታ እጄን ያዘችና አምባሬን ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

"ይሄ ነገር ለምን ዝም አለ?"

"አልራበኝም።"

"እማዬ።"

"ለሰባት ቀን ብቻ ነው። በረሃብ የሞተ እናት አለ? ማለቴ አለ፤ ግን በሰባት ቀን..."

"ስሚኝ" አለች። ስትቆጣ አባቷን ትመስላለች፤ ነፍሱን ይማርና እሱም ቁጣ አያምርበትም ነበር። "አንቺ ተርበሽ የማገኘውን ቀዶ ጥገና አልተኛለትም። ከሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ ተነስቼ እመጣለሁ። ብዪ።"

ሰሃኔን አቅርባ እስክጨርስ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አላጎረሰችኝም፤ እጆቿን አጣጥፋ ብቻ ጠበቀች። አምባሬ ትር፣ ትር እያለ ጨረስኩ።

መጋቢት ሠላሳ ቀን ጠዋት ደጃፋችን ገና ሳይከፈት ከውጭ የሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። ፌቨን ጎረቤቱን ሰብስባለች። ጋሼ ኪሩቤል ከሦስተኛ ፎቅ ድረስ መጥተው ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል። ሁለታችንም መርገጫው ላይ ወጣን። ጠባብ ስለሆነ ተቃቅፈን ነው የቆምነው።

"ናርዶስ፣ መቶ ሃያ አራት ኪሎ ከሦስት መቶ። ወይዘሮ ረድኤት፣ ሃምሳ አራት ኪሎ። ድምር፣ መቶ ሰባ ስምንት ኪሎ ከሦስት መቶ" አለ ዳኛው። "ይቀራል፣ አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ልመዝግብ?"

"ቆይ!" አለች ፌቨን ከውጭ። "ጫማ አውልቁ!"

"ልብስና ጫማ አስቀድሞ ተቀንሷል" አለ ዳኛው። "ልመዝግብ?"

ናርዶስ ጉንጯን ጉንጬ ላይ አሳረፈች። "ግድ የለም እማዬ" አለች። "ሁለት ዓመት እንጠብቃለን። ደረጃውንም ለምጄዋለሁ።" እኔ ግን ዶክተሯ ስለ ኩላሊቷ ለብቻዬ የነገረችኝን አልነገርኳትም። ስድስት ወር ሙሉ ብቻዬን ነው የተሸከምኩት።

እጄ ወደ ወገቤ ሄደ። ስፈራ ሁልጊዜ ወደዚያ ነው የሚሄደው። ቦርሳዋ እዚያው ነበረች።

ቀሚሴን ገለጥ አድርጌ መፍታት ጀመርኩ። ቋጠሮው አልፈታ አለ፤ ፈትቼው የማውቅ አልመሰለውም።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ዝም በዪ።"

ከወገቤ ወረደች። የመርገጫውን ጠርዝ አልፌ ወለሉ ላይ አኖርኳት፤ ጠበሉ ውስጧ ተንቦጫቦጨ። ያለ እሷ ቆሜ አላውቅም። አሁን መሬቱ ይንቀጠቀጣል ብዬ እግሬን አጥብቄ ጠበቅሁ። አልተንቀጠቀጠም። ወገቤን ግን በረደኝ።

ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ሮጦ ቆመ። መቶ ሰባ ስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ።

ዳኛው አሰበ። "ወይዘሮ ረድኤት፣ ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም ቀንሰዋል። የቀነሱት ምንድን ነው?"

መዋሸት አልችልም፤ ብዋሽ እንደምያዝ ስለማውቅ። "ቦርሳ ነው" አልኩ። "ቆሎ አለባት። ጠበል፣ ባትሪ፣ ገመድም አለባት። እሳት ቢነሳ ብዬ ነው።"

"በጥቅምት ሲመዘኑ ነበረች?"

"ነበረች።"

"የት?"

"ከቀሚሴ ሥር።"

ከበሩ ውጭ ጋሼ ኪሩቤል ወረቀታቸውን ሲያገላብጡ ይሰማል።

"በደንቡ ከልብስ ሥር ያለ ማናቸውም ነገር የአባሉ ክብደት ነው" አለ ዳኛው። "ዛሬ የለም። ስለዚህ ቀንሰዋል። ተመዝግቧል። ቀዶ ጥገናው ጸድቋል። መልካም ቀን።"

በሩ ተከፈተ። ፌቨን እልልታዋን ይዛ ወደቀችብን። ናርዶስ አቅፋ ከመሬት አነሳችኝ። "አስቀምጪኝ፣ ልብሽ!" እያልኩ ስጮህ ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል። ጋሼ ኪሩቤል የደንቡ ጀርባ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን በእስክሪብቶ ጻፉ። ናርዶስ ልታመሰግናቸው ስትጎነበስ፣ "አንቀጽ አራትን አሁን መሻር ይቻላል" አሏት።

ቦርሳዋን ፌቨን አንስታ ቤቷ አስገባቻት። በዚያው ቀን ከምሳ በፊት ሄጄ ተቀበልኳት። ቀዶ ጥገናው ገና ነው እኮ። ስመዝናት ቀለለችብኝ፤ ከፍቼ ሳይ ቆሎው ጎድሏል።

"አንቺ ፌቨን፣ የክፉ ቀን ቆሎዬን!"

"ምን ላድርግ፣ እጄ ሄደ" አለች። "ደግሞስ የቆየ ነው። ስንት ክፉ ቀን አልፎታል።"

ቀዶ ጥገናው በሚያዝያ ሆነ። አምስት ሰዓት ሙሉ መተላለፊያ ላይ ተቀምጬ ለማይቀረው ነገር ራሴን አዘጋጀሁ። ዶክተር ኤልሻዳይ ወጥታ ደህና ናት ስትለኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ሦስተኛውን ራሷ ጨመረችልኝ።

አሁን ሰኔ ነው። ናርዶስ መቶ አሥር ገብታለች። ሾርባውን አልፋ ለስላሳ ፍትፍት ተፈቅዶላታል። አሳንሰሩ እንደገና ሊጭናት ፈቅዷል፤ እሷ ግን በደረጃ ነው የምትወጣው፣ ልታናድደው ብላ። ትናንት ምሳ ላይ አራት ወር ለየብቻ ያስቀመጥናቸውን ሰሃኖች ትታ በአንድ ትሪ አቀረበች። እኔ ወዲያው ቀኝ እጄን ከጭኔ ሥር አደረግሁ። አራት ጊዜ ጎረሰች። ከዚያ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና፣ "ጠገብኩ" አለች።

ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ልጠይቃት አፌን ስከፍት ከቀረው ፍትፍት ጠቅልላ እጇ ፊቴ ደርሷል።

"በሞቴ" አለችኝ።

"ተዪ፣ አምባሩ..."

"አፈር ስሆን!"

ጎረስኩ። የእሷ አምባር ትር አለ።

"ናርዶስ" አለ ዳኛው ከእጇ ላይ፣ "ለዛሬ ከተፈቀደልዎ መጠን አልፈዋል።"

ናርዶስ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ከዚያ ሁለተኛውን ጠቀለለች፤ አንድ ያጣላል እኮ። ከእኔ እጅ የተማረችው ስለሆነ ትልቅ ነበር።

"ወይዘሮ ረድኤት" አለ ዳኛው፣ "ማብራሪያ ይስጡ።"

አፌ ሙሉ ነበር።